አይጦቹ ደኅና ነበሩ

መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ለወፍ በሽታ የሚሰጡትን ሥር ለማንም በስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበር። ከአባታቸው የተቀበሉት ነው፤ አባታቸውም ከአባታቸው። ዳባት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ ደርቆ የተወቀጠውን ሥር በአጓት በጥብጠው ለሦስት ጧት በባዶ ሆድ ያጠጡታል። የሚበዛው ይድናል። የማይድነውን ቤተሰቦቹ “ቀኑ ደርሶ ነው” ይላሉ፤ መሪጌታም ፍትሐቱ ላይ ቆመው ይሸኙታል።

ሥሩ የሚገኘው ከደባርቅ ወዲያ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት የገደል ጥላ ውስጥ ነው። ሊቆፍሩ ሲሄዱ ሰው አያስከትሉም። “የተጠራ መድኃኒት ዐፈር ነው” ይሉ ነበር። ስሙ በአደባባይ ከተነሣ ኃይሉ ይከዳዋል ማለታቸው ነው።

ሠርካለም የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ታላላቆቿ በየፊናቸው ተበትነው ለአባቷ ቅርብ ሆና የቀረችው እሷ ነበረች። ጎንደር ፋርማሲ ተማረች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን በመድኃኒት ምርመራ ሠርታ እዚያው መምህርት ሆና ቀረች። ከማስተማሩ ሌላ ያለው ጊዜዋ የሚያልፈው በእንስሳቱ ቤት ነበር። የእንስሳቱ ቤት ማለት በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ የላስቲክ ሣጥኖች ያሉበት፣ ሰጋቱራና ሽንት የሚሸት፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ነው። በየሣጥኑ አምስት አምስት አይጥ አለ። ከገጠር ለመድኃኒትነት የመጣ ቅጠልና ሥር ሁሉ መጀመሪያ የሚቀመሰው በእነሱ ነው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ መሪጌታ ራሳቸው በአውቶቡስ ጎንደር ድረስ መጡ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሰጧት። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው የባህል ሐኪሞችን ሰብስቦ፣ መድኃኒታችሁ ቢመረመር ለእናንተም ለሕዝቡም ይበጃል ብሎ መክሯቸው ነበር። ሌሎቹ ባለመድኃኒቶች እያጉረመረሙ ተበተኑ። መሪጌታ ግን ቤት ውስጥ የሚመረምር ልጅ አለኝ ብለው አሰቡ። ስሙን እንዳትጠይቃቸው ብቻ አስጠነቀቋት። እሷም አልጠየቀችም፤ በመዝገቧ ላይ “ናሙና ሰባት” ብላ ጻፈችው።

ሥራው ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በመጀመሪያ ለስድሳ አይጥ፣ ቀጥሎም ለአርባ አይጠ መጎጥ፣ ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ጉሮሯቸው ውስጥ እያንቆረቆረች አጠጣቻቸው። አባቷ ለሰው ከሚሰጡት አሥር እጥፍ ሰጥታም ሞከረች። ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ ገደለቻቸው። አገዳደሉ ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ አንገቱን መጫን፣ በሌላው ጅራቱን ይዞ ሳብ ማድረግ። ድምፁ ቀጭን እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሠርካለም ይህን ሥራ አትወደውም ነበር። ስትሠራው ግን ፊቷ አይለወጥም፤ ተማሪዎቿም ልበ ጠንካራ ናት ይሏታል።

ሆዳቸውን ስትከፍት ጉበታቸው እንደ አዲስ ጫማ ያንጸባርቃል። ነጥብ እንኳ አልነበረበትም። ደማቸውም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የዚያኑ ቀን አባቷ ዘንድ ደወለች።

“አባ፣ አይጦቹ ደኅና ናቸው። ጉበታቸው ንጹሕ ነው።”

መሪጌታ ብዙ የሚስቁ ሰው አልነበሩም፤ ያን ዕለት ግን ሳቁ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለጎረቤቶቻቸው ነገሩ። ወሬው በሰው አፍ እየዞረ “ዩኒቨርሲቲ የመረመረው መድኃኒት” ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከዳባትና ከደባርቅ ብቻ ሳይሆን ከጃናሞራ፣ ከድብ ባሕር ሳይቀር ሕመምተኛ ይመጣላቸው ጀመር። ሠርካለም ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሌላ የተሰማት ነገር አልነበረም።

በሁለት ሺህ ስምንት የትምህርት ዕድል አግኝታ ሆላንድ ሄደች። እዚያ የገባችበት ቤተ ሙከራ አይጥ አልነበረውም። በመጀመሪያው ቀን አለቃዋ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሴት፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጠቻትና እዪ አለቻት። ሠርካለም ያየችው ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ጥርት ያሉ ድቡልቡል ነገሮች ነበር፤ አንዱ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። እነዚህ ጉበቶች ናቸው ተባለች። የሰው ጉበቶች።

አሠራሩን እያደር ለመደችው። ሰው ለሌላ ሕመም ሆዱ ሲቀደድ፣ ፈቃዱን ሰጥቶ፣ ከጉበቱ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ትወሰዳለች። ቁራጯን በትነው፣ ሕዋሶቿን እንደ ሙጫ በሚረጋ ጄል ጠብታ ውስጥ ያኖሯቸዋል፤ ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ በሆነ ሣጥን አስቀምጠው፣ ሮዝ ፈሳሽ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየለወጡ ይመግቧቸዋል። በሳምንቱ ሕዋሶቹ ተሰባስበው ክብ ይሠራሉ። ሐሞት የላቸው፣ ሥቃይ የሚያውቁበት ነርቭ የላቸው፤ ግን ጉበት የሚሠራውን አብዛኛውን ይሠራሉ። መድኃኒት ቢያፈስሱባቸው ይፈጩታል፤ መርዝ ቢሆንባቸው ይሞታሉ። የቤተ ሙከራው ሐሳብ ለአይጥ ይሰጥ የነበረውን ነገር መጀመሪያ ለእነዚህ መስጠት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ አንገት መስበር የለም። ሠርካለም ሙያዋን ከያዘች ወዲህ ጧት ጧት ደስ እያላት ወደ ሥራ የሄደችው ያኔ ነው።

በሁለተኛው ዓመቷ የራሷን የሙከራ ስልት ማሳየት ነበረባት። ለዚህም ጎጂነታቸው የታወቀ ሁለት ሦስት መድኃኒቶችና፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ጉዳት የሌለው ነገር አስፈለጋት። ጉዳት የለውም ብላ የመረጠችው የአባቷን ሥር ነው። በፈቃድ ወረቀት ይዛው የመጣችው አንድ ጠርሙስ ዱቄት ነበራት።

በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ከፍታ ስታይ ጉበቶቹ ተጨማደው፣ ጠቁረው፣ የተቃጠለ ሽንኩርት ይመስሉ ነበር። ጎጂ ከተባሉት መድኃኒቶች የባሰ ነው። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ደገመችው። ያው ሆነ። መጠኑን አባቷ ከሚሰጡት አሳንሳ ሠለሰችው። ያው ሆነ። ከዚያ ከአራት ሰዎች የተወሰዱ ጉበቶች አሳደገችና በአራቱም ላይ አፈሰሰች፤ የሦስቱ ሰዎች ጉበቶች ሞቱ፣ የአራተኛው ሰው ግን ምንም አልሆኑም። በስተመጨረሻ ከአይጥ ጉበት በዚያው ስልት አሳድጋ ሞከረች። የአይጦቹ ሁሉም ደኅና ነበሩ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ገባት። ሥሩ ራሱ መርዝ አይደለም፤ መርዙን የሚሠራው ጉበቱ ነው። የሰው ጉበት ሥሩን ሲፈጨው ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ያ ነገር መልሶ ጉበቱን ይበላዋል። የአይጥ ጉበት አፈጫጨቱ ሌላ ነው። ሰውም ከሰው ይለያያል። አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ጠጥቶ ወደ እርሻው ይመለሳል። ከአባቷ ቤት ድነው የሄዱትም በሽታው በራሱ ጊዜ የለቀቃቸው እንደ ሆኑ ገመተች፤ የወፍ በሽታ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቅቃልና።

ይህን ስታውቅ ሰኔ ነበር።

እሑድ እሑድ አባቷ ዘንድ ትደውላለች። ጤናቸውን ትጠይቃለች፣ ዝናቡን ትጠይቃለች። አንድ እሑድ አሁንም መድኃኒቱን ይሰጡ እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ሰው ከሩቅ ተጉዞ መጥቶ ባዶ እጁን እንዴት እመልሰዋለሁ አሏት። ልትናገር አፏን ከፈተችና፣ ባሕር ማዶ ሆኖ ለአባት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብላ ተወችው። ውጤቱ አንድ ጊዜ ይደገም አለች። ከዚያ ደግሞ ጽሑፉ ይለቅ አለች። ጎንደር ያሉት አማካሪዋም በኢሜይል ታላቅ ግኝት ነው፣ ቶሎ አሳትሚው ብለው ጻፉላት። ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፉ።

በጥቅምት ሁለት ሺህ ዐሥር ሥራዋን ጨርሳ ተመለሰች። ጎንደር አንድ ቀን አድራ ዳባት ሄደች። ገብሱ እየታጨደ ነበር። አባቷ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው መጽሐፍ ይመለከታሉ፤ ከበፊቱ ከስተዋል። ተሳልመው፣ ተጠያይቀው፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ሠርካለም ኮምፒውተሯን ከፈተችና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። መጀመሪያ ጥርት ያሉትን። ቀጥሎ የጠቆሩትን። ነገሩን ሳታሳንስ፣ ሳታበዛ ነገረቻቸው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

“የሰው ጉበት ነው ያልሽኝ?”

“የሰው ነው።”

“ባለቤቱስ?”

“አለች። ለሌላ ሕመም ስትቀደድ የተወሰደ ነው፤ ፈቅዳ የሰጠችው።”

“ስሟ ማን ነው?”

“አይነገረንም፤ ቁጥር ነው ያላት።”

“ለጸሎት የሚሆን ስም እንኳ የላትም?”

ሠርካለም እንደማታውቅ ነገረቻቸው። መሪጌታ ይህ ከሁሉም ይልቅ ያስገረማቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ገፉት።

“አይጦቹ ደኅና ናቸው ብለሽኝ ነበር።”

“ደኅና ነበሩ፣ አባ። አልዋሸሁም። አይጡን እንደ ሰው መቁጠሬ ነው ጥፋቱ።”

“እኔም በአንቺ ቃል ሰዉን ሁሉ ጠራሁት።” መነጽራቸውን አወለቁ። “መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?”

ስትመጣ መንገድ ላይ የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር።

“በሰኔ።”

መሪጌታ በአውራ ጣታቸው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ነኩ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም። በነሐሴ የደባርቁን አለነን አጠጥተውት ነበር። አለነ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ በኋላ የራሱን የእህል መጋዘን የከፈተ። በእግሩ መጥቶ ነበር። በስምንተኛው ቀን ሞተ፤ መሪጌታም ደባርቅ ድረስ ሄደው ቀብረውታል። ይህን ለልጃቸው ሲነግሯት ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ሲጨርሱ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ ከቤት አልወጡም። ሁለት ሰዎች ለመድኃኒት መጥተው ሠርካለም ከደጅ መለሰቻቸው፤ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ነገረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ጧት አባቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

“ተነሺ፤ ደባርቅ እንሄዳለን።”

በለጠች የምትባለው የአለነ ሚስት ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ከሠራተኞቿ ጋር ጆንያ ትሰፋ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። መሪጌታን ስታይ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሳቸው ግን ትከሻዋን ይዘው አቀኗት። በርጩማ አቀረበችላቸው፤ ሠርካለም ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሠራተኞቹ ወደ ውጭ እንዲወጡ መሪጌታ ለመኗት። ከዚያ ነገሯት። ሥሩ የሰው ጉበት እንደሚያቃጥል፣ ይህን ሳያውቁ ለባሏ እንደ ሰጡት፣ ሞቱም በዚያ ሊሆን እንደሚችል። ቃል አላስጌጡም፤ ከመጽሐፍም አልጠቀሱም።

በለጠች በእጇ ያለውን ወስፌ ወደ ጎን አኖረች።

“የኔታ፣ እሱ እኮ ታሞ ነው የመጣ።”

“ታሞ ነው።”

“ባይጠጣው ኖሮ ይድን ነበር?”

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሠርካለም ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ነበራት፤ ሁሉም ረጃጅም ነበሩ።

“አላውቅም” አለች። “ሊድን ይችል ነበር።”

ሴትዮዋ ወስፌውን አንሥታ ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። መሪጌታ ሌላ የሚናገሩት አልነበራቸውም፤ ልጃቸውንም ምንም ተናገሪ አላሏትም። ሠርካለም ግን ዝም ብላ ብትሄድ ያ ዝምታ ሌላ ሐምሌና ነሐሴ እንደሚሆንባት ተሰማት።

“አባቴ በዚያን ጊዜ አላወቁም” አለች። “እኔ ግን በሰኔ አውቄ ነበር። ልደውልላቸው ስችል አልደወልኩም።”

በለጠች ቀና ብላ አየቻት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

“የኔታ ይቀመጡ” አለች። “እሷ ትውጣልኝ።”

ሠርካለም ወጣች። ባጃጆች በግራ በቀኝ ያልፏታል፤ የሽሬ አውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። አንድ ሰዓት ያህል ቆመች። አባቷ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ከበለጠች ጋር ምን እንደ ተነጋገሩ እሷም አልጠየቀች፣ እሳቸውም ከዚያን ቀን ወዲህ አልነገሯትም።

በሚቀጥለው እሑድ ዳባት፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ሰው ገና ከቅጥሩ ሳይወጣ፣ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ካህናቱን አስፈቅደው ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆሙ። ከነጠላቸው ሥር ሥሩን ከነቅጠሉ አወጡት። ሰው መጀመሪያ የሚያስተምሩ መስሎት ጸጥ አለ። እሳቸውም ይህ ነው ለወፍ በሽታ ስሰጣችሁ የኖርኩት አሉና ስሙን ጠሩት፤ በደንብ እንዲሰማ ሁለት ጊዜ ጠሩት። ከሕዝቡ መካከል የደነገጠ ብዙ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ የሰሙት ሰምተውታል።

ሥሩ ጉበት እንደሚጎዳ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደማይሰጡ፣ የጠጣ ሰው ሁሉ ለልጃቸው ደሙን ሰጥቶ እንዲመረመር ነገሯቸው። “ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ” አሉና ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ።

ከሁሉም ቀድሞ የተናገረው ገዱ ነበር። ገዱ ከድብ ባሕር ለበዓል ዘመድ ጥየቃ የመጣ፣ ከሦስት ዓመት በፊት መድኃኒቱን ጠጥቶ የዳነ፣ ጡንቻው እንደ በሬ የፈረጠመ ገበሬ ነው።

“እኔን አድኖኛል” አለ። “የኔታ፣ ልጅዎ ፈረንጅ አገር ሄዳ የፈረንጅ ጉበት አይታ መጥታ እርስዎን መሬት ታስምዎታለች?”

ሠርካለም ወደ እሱ ቀርባ፣ አንዳንድ ሰው ሥሩን ጠጥቶ እንደማይጎዳ፣ እሱም ከእነዚያ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ልታስረዳው ሞከረች። ከአራቱ የአንዱ ጉበት ምንም እንዳልሆነ ነገረችው።

“የኔን ጉበት አይተሽዋል?”

“አላየሁም።”

“እንግዲያ ስለ ጉበቴ አትንገሪኝ” ብሎ ጥሏት ሄደ። ደሙንም አልሰጠም።

ከጠጡት መካከል አባቷ የሚያስታውሷቸው ስድሳ ያህል ነበሩ። ሠርካለም ቤት ለቤት እየዞረች፣ አንዳንዱን በእግር፣ አንዳንዱን በባጃጅ፣ የሠላሳ አንዱን ደም ወሰደች። ከእነዚህ የሁለቱ ጉበት ተጎድቶ ተገኘ። አንደኛዋ ጎንደር ታክማ ተሻላት፤ ሁለተኛው አሁንም በክትትል ላይ ነው። የቀሩት ደኅና ነበሩ። በደባርቅ በኩል ስታልፍ በለጠችን ሁለት ጊዜ አገኘቻት፤ በለጠች ሰላምታዋን ራሷን ነቀነቅ አድርጋ ከመመለስ በቀር አላናገረቻትም።

ስሙን መጥራቱ ያመጣው ሌላ ነገርም ነበር። ብዙው ሰው እንደ ጥንቱ እምነት ኃይሉ ጠፍቷል ብሎ ተወው። አንድ የደባርቅ ሰው ግን ስሙን ሰምቶ ኖሮ ቆፍሮ ገበያ ላይ ዘረጋው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ በገበያው ቀን ሄደው ከሰውየው ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። አልከሰሱትም፣ አልገሠጹትም። ሥሩን ሊገዛ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ግን “ያጠጣሁ እኔ ነኝ፤ የገደልኩም እኔ ነኝ” ይሉታል። ሦስት ገበያ እንዲህ ተቀመጡ። በአራተኛው ሰውየው በርበሬ ይዞ ወጣ።

ሠርካለም ጎንደር ተመልሳ ለሥራ የሚሆናት አንድ ጠባብ ክፍልና አንድ የማሞቂያ ሣጥን እስክታገኝ ድረስ የካቲት ሆነ። የመጀመሪያዋን የጉበት ቁራጭ የሰጠቻት የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ የገባች የወገራ ሴት ናት። ሠርካለም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ምን እንደምትሠራበት አስረዳቻት። ሴትየዋ ብዙም አልጠየቀችም፤ ከእኔ ሌላ ሰው የሚማርበት ከሆነ ውሰጂ አለቻት። እነዚያ ጉበቶች በስድስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሙሉ ቀን ሲውል በሣጥኑ ውስጥ በርደው ሞቱ። ሁለተኛዎቹ ጄኔሬተር ተገዝቶ አደጉ።

የእንስሳቱ ቤት አልተዘጋም። ይሁንና ከየገጠሩ የሚመጣው ሥርና ቅጠል አሁን በቅድሚያ በጉበቶቹ ላይ ይፈስሳል፤ እዚያ የወደቀው ወደ አይጦቹ አይደርስም። በዚያ ዓመት እስከ ግንቦት ድረስ ከመጡት ዐሥራ ሁለት ናሙናዎች አራቱ ወደቁ። ሠርካለም የወደቁትን መልሳ ለባለመድኃኒቶቹ ራሷ ሄዳ ትነግራቸዋለች። አንድም ሳምንት አታሳድርም። ከነገረቻቸው አንዱ ሰደባት፤ ሌላኛው ጠላ ጋበዛት።

በግንቦት አጋማሽ፣ ከሰዓት በፊት፣ ፈሳሹን ልትለውጥ ጓንቷን ስታጠልቅ ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው። ሰጠኝ የሚባል የጃናሞራ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሁለት ቀን በእግርና በመኪና ተጉዞ መጥቶባቸው ነበር። የሚሰጡት እንደሌላቸው ቢነግሩት ሐኪም ቤት አላውቅም፣ ቋንቋቸውም አይገባኝ፣ ብቻዬን አልሄድም አለ። መሪጌታ ይዘውት መጡ። አሁን ደባርቅ ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው ተቀምጠዋል።

“ካርድ አወጣን” አሏት። “ተራችን ዐሥራ አራተኛ ነው አሉ።”

ሠርካለም ደም ሲወሰድ የጉበት ምርመራ እንዲጠይቁ ነገረቻቸው፤ የምርመራውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈቻቸው። ሰውየው ከቤቱ የጠጣው ሌላ ነገር ካለም ለሐኪሙ ሳይደብቅ እንዲናገር ይምከሩት አለቻቸው። መሪጌታ ይህን ለሰጠኝ ሲደግሙለት በስልኩ ይሰማታል፤ ቀስ ብለው፣ ልክ ንባብ እንደሚያስተምሩ።

“እስኪጠሩን ድረስ ከጎኑ አልነሣም” አሏት ተመልሰው። “አንቺም ሥራሽን ሥሪ።”

ስልኩን ዘጋች። ጓንቷን አጠለቀችና ሣጥኑን ከፈተች።